ቸርኬዋን ሳይጠይቋት ሰቀሉት

እትዬ ማርሽን ሰው ቢሰድባት ትችላለች። ዕድሜዋን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ሴት ስድብ ብርቋ አይደለም። ፌርማታ ያሳለፈችው፣ በር የዘጋችበት፣ ፍሬን ስትይዝ የተሸከመው እንቁላል የተሰባበረበት፣ ሁሉም የመጣለትን ብሏት ወርዷል፤ እሷም በመስታወት እያየች ለአንዳንዱ መልስ ሰጥታለች። የማትችለው ሲያዝኑላት ነው። ሰው አንገቱን ዘንበል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞዎት» ሲላት ደሟ ይፈላል።

ስለዚህ የታሰረው ትከሻዋ በተፈታ ማግስት ጎሚስታው ጋራዥ ገብታ ቀና ስትል ያየችው ነገር ምን እንዳደረጋት መገመት አያስቸግርም። ከንፋስ መሙያው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የራሷ ሞተር የፊት ግራ ቸርኬ ተሰቅሏል። ከንፈሩ እንደተሰነጠቀ ነው፤ አቧራው ግን ተጠርጎለታል። ከሥሩ በነጭ ቀለም «እትዬ ማርሽ» ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉ ደግሞ ያምራል፤ ይበልጥ ያናደዳትም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሞተሯ ባለ አራት ጎማ ናት። መኪና የማይገባበትን የእግር መንገድ፣ ጫካውንና ዳገቱን የምትወጣ፣ ሰው እንደ ፈረስ የሚቀመጥባት፣ መሪዋ እንደ ቀንድ ግራና ቀኝ የወጣ። እትዬ ማርሽ ጡረታ ስትወጣ የሥራ ጓደኞቿ ከእንግዲህ አረፍ ትያለሽ አሏት፤ እሷ ደግሞ ሄዳ ይቺን ገዛች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡ ደጃፍ ላይ ተሰባስበው ከከተማው ጀርባ ያለውን ተራራ የሚወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር ገጠመች። የቡድኑ አለቃ አንድ ፎቶ አንሺ ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ከመካከላቸው አንዱ መንዳት በቃኝ ሲል ከሞተሩ አንድ ቸርኬ ፈትተው ስሙን ጽፈው ይሰቅሉለታል። እስካሁን የተሰቀለላቸው ሁለት ናቸው፤ አንደኛው አገር የለወጠ ሥጋ ሻጭ፣ ሌላው ዓይኑ የደከመ የሒሳብ አስተማሪ። ሁለቱም ሲሰቀልላቸው ቆመው አጨብጭበዋል። እትዬ ማርሽ ግን ያን ጊዜ አልጋ ላይ ነበረች፤ የጠየቃትም የለም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

ጎሚስታው እጁን በቱታው ጠረገ። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ነው ሁልጊዜ ጣጣ ውስጥ የሚያስገባው። «ክብር ነው እኮ እትዬ።»

«ሞቻለሁ?»

«ኧረ በስመአብ፣ ምን ዓይነት ነገር ነው?»

«ታዲያ በቃኝ ያልኩት ለማን ነው? ላንተ ነው? ሕልም አይተህ ነው?»

«እንግዲህ… ሁላችንም አብረን መከርን። ልጅዎም ይሻላል አለች። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ አወዳደቅ…» ብሎ የቀረውን ዋጠው።

በዚህ ዕድሜ። እትዬ ማርሽ ይቺን ቃል ከሐኪሙም፣ ከጎረቤቱም፣ አበባ ይዞ ከመጣው ሁሉ ሰምታታለች። እሷ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ አቋሟን አልለወጠችም፤ የጣላት ጎማው ነው። ተራራው ወገብ ላይ ባለው አግድም መንገድ፣ ግራው ገደል በሆነበት፣ የፊት ጎማዋ አንዲት ድንጋይ ነካና እንደ ኳስ ነጠረ። መሪው ከእጇ አመለጠ። ሞተሯ ክንብል አለች፣ እሷም ተወርውራ የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። ርካሽ ጎማ ነው፤ ሻጩም ፋብሪካውም አፍንጫቸውን ይላሱ። ሰዎቹ ይሄን ስትል አዎ አዎ ይሏታል። ዞር ስትል እርስ በርስ ይተያያሉ፤ እሷ ደግሞ አውቶቡስ ነድታ የኖረች ናትና ከኋላዋ የሚደረገውን ማየት ታውቅበታለች።

«ይሄ ቸርኬ ይጠገናል?» አለችው።

«አሉሚኒየም ነው፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ከእንግዲህ ንፋስ አይዝም።»

«እንግዲያው እዚያው ይቆይ። ሌላ እገዛለሁ። አራቱንም።»

ጎማ ቤቱ የከተማው ዋና መንገድ ላይ ነው፤ ገና ከበሩ የአዲስ ጎማ ሽታ ይቀበላል። እትዬ ማርሽ በብብቷ የጫማ ካርቶን ክዳን ይዛ ገባች። ክዳኑን የሞተሯ ብሎኖች ላይ ለጥፋ በመዳፏ ደብደብ ደብደብ አድርጋበታለች፤ አራቱ ቀዳዳዎች ከነርቀታቸው ታትመው ወጥተዋል። የፊቱን በአንድ ጎን፣ የኋላውን በሌላው። ይሄን ዘዴ ማንም አላስተማራትም።

ሻጩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ ነው። «ለልጅዎ ነው እናቴ?» አላት።

«ለእናቴ ነው። ፍጥነት ትወዳለች።»

ሰውየው ሊስቅ ፈልጎ ፊቷን ሲያይ ተወው። «ለራስዎ ነው» አለ፣ እንደ መጠየቅም እንደ መቀበልም አድርጎ፣ ከዚያም ወደ መደርደሪያው ወሰዳት። መጀመሪያ ያሳያት ጎማ ጥርሱ ጣት የሚውጥ ነው። ጭቃ ያርሳል አላት። እሷም በዚያ ተራራ ጭቃ የሚባል ነገር የለም፣ ያለው ድንጋይና የዛፍ ሥር ነው፣ በዚህ ጎማ እዚያ ብሄድ ኩላሊቴ ቦታውን ይለቃል አለችው። ቀጥሎ ከፋብሪካው ልክ ከፍ ያለውን አመጣ። ይሄ ድንጋይ ከሥርዎ ያሳልፋል አለ።

«ከፍ ሲል ለመገልበጥም ይቀለዋል። ከወንበር የወደቀና ከምንጣፍ የወደቀ እኩል ይጎዳል?»

«እሱስ አይጎዳም።»

«ታዲያ ልኩን አምጣ። ጥርሱ አጠር፣ ጠጋ ጠጋ ያለውን። ጎኑ ወፍራም ይሁን፤ የእኔን ተራራ ድንጋይ የምታውቀው አይመስለኝም፣ ጎን ፈልጎ ነው የሚቀደው።»

ያመጣላትን ጎማ ጎኑን በሁለት አውራ ጣቷ ተጫነችው፣ አገላበጠችው፣ ጥርሱ ውስጥ ጥፍሯን አስገብታ ልስላሴውን አየች። ይሄ ሆነላት። ቸርኬው ላይ ደግሞ ተጣሉ። ሻጩ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም እያነሳ ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ያምራል ይላል። እሷ ጥጉ ላይ የተደረደረውን ጥቁር ብረት ታያለች። አሉሚኒየሙ ሲመታ እንደሚሰነጠቅ በራሷ ደርሶ አይታዋለች። ብረት ግን ቢጎብጥ ተራራው ላይ ድንጋይ አንስተው ቀጥቅጠው ይመልሱታል፣ ቤት ድረስም ያደርሳል። ወደ ውጭ በጣም የወጣውን ብረት ስትመርጥ ግን ሰውየው እጁን አነሳ። የሞተሯ እግር ሰፋ ብሎ መቆሙ ጥሩ ነው፣ ያን ያህል ከወጣ ግን መሪው እጅ ላይ ይከብዳል አላት። የእሷ ዓይን ሳታስበው ወደ ትከሻዋ ሄደ። ተናደደች፤ ነገሩ ግን እውነት ስለሆነ መካከለኛውን ወሰደች።

ካርቶኑ ከቀዳዳዎቹ ጋር ልክ ገጠመ። ሻጩ ጎማዎቹን እያወረደ፣ ሥራዬ ብሎም ሳይሆን ለወግ ያህል፣ «ንፋሱን ስንት ያደርጉታል?» አላት።

«እስኪጮህ።»

«ምን አሉኝ?»

እትዬ ማርሽ በሩ አጠገብ ወደቆመው የአውቶቡስ ጎማ ሄደች፣ ከጠረጴዛው ላይ አንድ የብረት ዘንግ አነሳችና መታችው። ጎማው እንደ ደውል ጮኸ። «እንዲህ» አለች። ዴፖ ውስጥ ሁሉም ሹፌር ጠዋት ጠዋት ዘንግ ይዞ አውቶቡሱን ይዞር ነበር። ያልጮኸ ጎማ አይወጣም። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር የሚያነብ ሹፌር ካለ ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ ይሄን የጻፈው ሰው ጠዋት በሥራ ሰዓት ስንት ሕዝብ እንደሚሳፈር መቼ አይቶ ያውቃል ይሉታል። የባለ አራቱን ሞተር ጎማም እቤቷ፣ በገዛ ፓምፗ፣ ደውል እስኪሆን ስትነፋው ነው የኖረችው። ሌላ ሰው እንዲነካባት አትፈቅድም።

ሻጩ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። ጎማውን አዙሮ ጎኑ ላይ የወጣውን ትንሽ ጽሑፍ በጣቱ አሳያት። ቁጥሩ እሷ የምታውቀው ዓይነት ቁጥር አይደለም፤ ለሕፃን ብስክሌት እንኳን ያንሳል።

«ይሄ ከዚህ አይለፍ ነው የሚለው» አለ። «ይሄ ጎማ እኮ ሥራው መለስለስ ነው። ድንጋይ ሲያገኝ ይውጠዋል። እንደ አውቶቡስ ከነፉት ግን፣ ድንጋዩን ሲነካ…»

«ይነጥራል» አለች።

ሰውየው ስለ መውደቋ የሚያውቀው ነገር የለም። ያየው አንዲት ሴትዮ ጎማ ክምር ላይ ቁጭ ስትል ነው፤ ውሃ ላምጣልዎ አላት። እትዬ ማርሽ ውሃ አልፈለገችም። በየሰዉ ፊት የሰደበችው ጎማ ምንም አላደረጋትም ነበር። ሥራውን እንዳይሠራ ያደረገችው ራሷ ናት። የምትገባበት ጠፋት። እዚያው እንደተቀመጠች ግን ሌላ ነገር ተከተለ፤ ስሙ ደስታ ይሁን ንዴት አልለየችውም። እጇ አልደከመም። ዓይኗ አልሳተም። ዕድሜ ቢሆን ኖሮ ማንም አይመልስላትም ነበር፤ ጥፋት ግን ይታረማል።

ይሄ ሁሉ ነገር ሆድ ይፍጀው ብትለው ማንም አያውቅባትም ነበር። ጎማው ተለውጧል፣ ወሬውም አልቋል። እሷም በታክሲ ስትመለስ እንደዚያ ለማድረግ አስባ ነበር፤ ሰው ፊት ቆማ ተሳስቻለሁ ያለችበትን ቀን አታስታውስም፤ ልጇም አታስታውስም።

ልጇ ፀጉር ሠሪ ናት። የቤቱን የፊት ክፍል ሳሎን አድርጋዋለች። የሞተሯ ቁልፍም እዚያ ነው፤ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን በሞላው መሳቢያ ውስጥ። ልጅቷ የደበቀች መስሏታል፤ እናትየው ካወቀች ቆይቷል። አንሥታ መሄድ ትችል ነበር፤ ነገር ግን ከገዛ ልጇ ላይ አትሰርቅም።

የመጨረሻዋ ደንበኛ ስትወጣ ገባችና «ቁልፉን ስጪኝ» አለቻት።

ልጅቷ ፀጉር እየጠረገች ነበር። ቀና አላለችም። «አልሰጥም። ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«የጣለኝ ጎማው አይደለም። ንፋስ አብዝቼበት ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

መጥረጊያው ቆመ። «እማዬ፣ ማን ወቀሰሽ? አንድም ሰው አልወቀሰሽም እኮ።»

«እሱ ነው የገደለኝ። ሰው ሲያጠፋ ይወቀሳል። ሲያረጅ ነው የሚታለፈው። እኔን አለፋችሁኝ።»

ልጅቷ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ድምጿ ሲወጣ ደረቅ ነበር። «የዚያን ቀን የደወለልኝ ፎቶ አንሺው ነው። ‹እናትሽ› አለና ዝም አለ። ትንፋሽ አጥሮት ነው ለካ። የቀረውን እስኪናገር ድረስ እኔ አንቺን ቀብሬ ጨርሻለሁ። ከዚያ ደግሞ ፀጉርሽን ሳጥብሽ፣ እጅሽን ማንሳት አቅቶሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳ ስታዞሪብኝ። ያረጀሽ ስለመሰለኝ አይደለም ቁልፉን የወሰድኩት። ስለፈራሁ ነው።»

እትዬ ማርሽ ወደ ልጇ ሄዳ የልጅቷን ራስ እቅፏ ውስጥ አደረገችው፤ ሰው ሲያያት እንዲህ አታደርግም። «ፍርሃትሽን አልወስድብሽም» አለቻት። «ያንቺ ነው። ግን በእሱ አታስሪኝ።»

«እንደገና ብትወድቂስ?»

«እወድቃለሁ። ያልወደቀ ማን አለ እዚያ ቡድን ውስጥ? ፎቶ አንሺው ስንቴ ነው የወደቀው? የእሱን ቁልፍ ማን ደበቀበት?»

ልጅቷ ሳታስበው ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «ቅዳሜ አብሬሽ እመጣለሁ። አሁን ለእኔ ያልሺውን እዚያ ሁሉም ፊት ትይዋለሽ። ጥፋቴ ነው ትያለሽ። ጎማ፣ ፋብሪካ፣ ሻጭ የለም። ያን ጊዜ ቁልፉን እሰጥሻለሁ።»

ይቺ ልጅ እናቷን ታውቃታለች። ይሄን ያለችው አትለውም ብላ ነው።

ጎሚስታው አርብ ዕለት አራቱንም እዚያው ጋራዡ በቆመችው ሞተር ላይ አሰረላት። ንፋሱን በትንሿ መለኪያ እየለካ፣ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ አቆመ። ጎማዎቹ ከሥራቸው ትንሽ ሰፋ ብለው ተቀመጡ። እትዬ ማርሽ አየቻቸው፤ ሆዷ አልወደዳቸውም። የተነፈሰ ጎማ ይመስላሉ። እጇ ወደ ንፋስ ቱቦው ሄዶ ነበር፤ መለሰችውና ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡ ደጃፍ በሞተር ተሞላ። ሰዎቹ እሷን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ የመሸኛ ፎቶ ልትነሳ የመጣች መስሏቸዋል። ፎቶ አንሺው እንዲያውም ካሜራውን አወጣ። ወንበር አመጡላት። እሷ ወንበሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ መሐላቸው ቆመች። ልጇ በሩ ጋ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች።

«አንድ ነገር ልናገር» አለች። ይሄን ሁሉ ዘመን ለተሳፋሪ መልስ አጥቶ የማያውቀው አፏ አሁን ተሳሰረ። «ያን ቀን የጣለኝ ጎማው አይደለም። ዕድሜዬም አይደለም። ጎማውን እንደ አውቶቡስ ነፍቼው ነው። ቁጥሩ ተጽፎልኛል፤ ንቄ አላነበብኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ፎቶ አንሺው አንገቱን ዘንበል አደረገ፣ ድምፁንም ዝቅ። «ኧረ እትዬ፣ ድንጋዩ ነው እንጂ። በማንም ላይ ይደርሳል። እርስዎ ምን አጠፉ…»

«አታባብለኝ። ጥፋት ነው አልኩህ። ባለፈው ዓመት ይሄ ባለ ዳቦ ቤት ብሎን ሳያጠብቅ መጥቶ ጎማው መንገድ ላይ ሲወልቅ ምን አደረጋችሁት?»

ባለ ዳቦ ቤቱ መሬት መሬት አየ። ምን እንዳደረጉት ሁሉም ያውቃል። በቸልታ ራሱን የጣለ ሰው እስከ ክረምቱ ድረስ ከሁሉም ኋላ ይነዳል፤ የሁሉንም አቧራ ይበላል፤ ቢቀርም አይጠበቅም። ሕጋቸው ነው፤ ሲያወጡት እሷም እጇን አንሥታበታለች።

«እሱ ወጣት ነው» አለ ፎቶ አንሺው ቀስ ብሎ።

«እኔስ ምንድን ነኝ? ከእናንተ አንዷ ከሆንኩ ቅጡኝ። ካልሆንኩም በግልጽ ንገሩኝና ወደ ቤቴ ልሂድ። ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ግን እንዳታከብሩኝ።»

ከዚያ ጎሚስታው፣ ያ ደግ ሰው፣ መሰላሉን ጎትቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ ወጣ፣ ቸርኬውን አወረደና ቁርጥራጭ ብረት የሚጣልበት በርሜል ውስጥ ወረወረው። ድምፁ ደጃፉን አናጋው። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ወደ ቦርሳው መለሰ፤ አንገቱ አሁን ቀጥ ብሏል።

«እስከ ክረምት» አላት። «ከሁሉም ኋላ። አንጠብቅም።»

ልጅቷ ከበሩ መጥታ ቁልፉን እናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠች። የእናቷን የራስ ቁር ማሰሪያ አገጯ ሥር አጠበቀችላትና ገለል አለች።

ሞተሮቹ ተራ በተራ ወጡ፤ እሷ መጨረሻ። ጫካው ጋ ሲደርሱ አቧራው እንደ ግድግዳ ቆመባት። አፏ ሞላ፣ አፍንጫዋ ሞላ፣ መነጽሯን በክንዷ እየጠረገች ነዳች። ተራራው ወገብ ላይ፣ ያ አግድም መንገድ ጋ ደረሰች። ድንጋዮቹ እንደ ድሮው ተበትነዋል። የፊት ጎማዋ አንዱን አገኘው፤ ዋጠው፤ አለፈ። ቀጥሎ ሌላውን። መሪው እጇ ውስጥ እንደ ሰው እጅ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ።

ድሮ፣ ከመውደቋም በፊት፣ ሰዎቹ በየዳገቱ ጫፍ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ፎቶ አንሺው እጇን ይዞ ያወርዳታል፣ አንዱ ውሃ ይከፍትላታል። አክብሮት ነው ብላ ተቀብላው ኖራለች። ዛሬ ጫፉ ላይ ስትደርስ አርፈው ጨርሰዋል። ከፊቷ በአቧራ ብዛት ዓይንና ጥርስ ብቻ ቀርቷል። ፎቶ አንሺው ቀና ብሎ አያት።

«ዘግይተዋል» አለ፣ ሞተሩን እያስነሳ። «እንሂድ።»

ውሃ እንኳን አልጠጣችም። አቧራዋን እያኘከች መሪዋን አዞረች፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፣ ከኋላቸው ቁልቁለቱን ተያያዘችው። አንድም ሰው ዞር ብሎ አላያትም።